በቤት የሚዘጋጅ የውሻና የድመት ምግብ

በቤት የሚዘጋጅ የውሻና የድመት ምግብ ከፋብሪካ ሳይገዛ በጓዳ ከሚገኝ እህል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና አትክልት የሚሠራ ቀለብ ወይም ማባበያ ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ አብዛኛው ውሻና ድመት የሚያድገው በዚህ ዓይነት ምግብ ነው። ይህ ጽሑፍ የአካባቢውን ልማድ፣ የሚጠቅሙና የሚጎዱ ምግቦችን፣ ጥቂት አዘገጃጀቶችን፣ እንዲሁም የውሻ አመጋገብ ከሰው፣ ከበግና ከቀይ ቀበሮ ጤና ጋር ያለውን ግንኙነት ያብራራል።

ልማዱ

በጎንደርና በአካባቢው ውሻ በዋናነት የቤትና የከብት ጠባቂ ሲሆን ድመት ደግሞ የአይጥ አዳኝ ናት። ውሻ ብዙውን ጊዜ ወደ መኖሪያ ቤት አይገባም፤ የሚያድረው በበረት በር፣ በአጥር ሥር ወይም በተሠራለት ትንሽ ጎጆ ነው። ድመት ግን ምድጃ ዳር ትተኛለች። በደጋው እረኛ በጎቹን ይዞ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይሄዳል። በከተማም የውሻ ጥበቃ ጥንታዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በሌሊት ጅቦች በከተማይቱ መንገዶች ይርመሰመሱ እንደነበር ጽፏል።

የውሻ ቀለብ በልማድ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የድስት ሙጣጭ፣ አጥንት፣ የገብስ ቂጣና አጓት ነው። የሚበላበት ዕቃ ከሰው ዕቃ የተለየ ነው፤ አሮጌ ሳህን፣ የሸክላ ስባሪ (ገል) ወይም ከእንጨት የተፈለፈለ ገንዳ ይሆናል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ውሻን የመመገብን ዓላማ በአጭሩ ይናገራል፤ የሚጠብቀው የሚያበላውን ቤት ነውና። ድመትን በተመለከተ ግን «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ተብሎ ምግብ የሚነፈግበት ቤት አለ። ይህ ትክክል አይደለም፤ የድመት አደን ከረሃብ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን የተፈጥሮ ባሕርይዋ ስለሆነ በልታም ታድናለች።

በፋብሪካ የተሠራ የውሻ ብስኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በለንደን በጄምስ ስፕራት እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ምግብ ከውጭ የሚገባ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች ነው። ዋጋውም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው።

የውሻና የድመት ፍላጎት

ውሻ ሥጋ በል ከሆነው ተኩላ የመጣ ቢሆንም ከሰው ጋር በኖረባቸው ብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ የእህል ምግብን መፍጨት ተላምዷል። ስለዚህ የገብስ፣ የስንዴ ወይም የጤፍ ምግብ ከሥጋ፣ ከእንቁላል ወይም ከዓይብ ጋር ሲቀላቀል ለውሻ ይስማማል።

ድመት ግን ያለ ሥጋ ወይም ያለ ዓሣ ጤነኛ ሆና መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከሥጋ፣ ከዓሣ ወይም ከምታድነው አይጥ ማግኘት አለባት። ታውሪን ለረጅም ጊዜ ሲጎድላት ዓይኗ ሊጠፋና ልቧ ሊደክም ይችላል። እንጀራና ወተት ብቻ እየተሰጣት፣ ከቤትም ሳትወጣ የምትኖር ድመት ለዚህ ችግር ትጋለጣለች።

አዋቂ ውሾችና ድመቶች የወተትን ስኳር በደንብ አይፈጩም፤ ብዙ ጥሬ ወተት ወይም አጓት አንዳንዶቹን ያስቀምጣቸዋል። ዓይብ ከአጓቱ ስለተለየ ይሻላቸዋል፤ እርጎም በጥቂቱ ይስማማቸዋል። ለቡችላ ደግሞ ካልሲየም ያስፈልጋል። እህልና ቀይ ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩም ይጣመማል። ታጥቦ፣ ተቀቅሎና ደርቆ እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይይዛል።

ሊሰጡ የማይገባቸው ምግቦች

ለሰው የሚስማማ ሁሉ ለውሻና ለድመት አይስማማም። በኢትዮጵያ ቤት በብዛት የሚገኙትና መራቅ ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፦ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የቀይ የደም ሕዋሳትን እየሰበሩ የደም ማነስ ያመጣሉ። በውሻ ላይ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት፣ በድመት ላይ ደግሞ 5 ግራም ያህል ብቻ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ትንሽ በትንሽ በየቀኑ ሲሰጥም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ወጥ በሽንኩርት ቁሌት የሚሠራ በመሆኑ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ለድመት ጨርሶ አይሰጥም። ለውሻም የዘወትር ቀለብ መሆን የለበትም።

በርበሬና ብዙ ጨው፦ ሆድ ያቆስላሉ፣ ያስጠማሉ፣ ያስታውካሉ።

ያልተጋገረ ሊጥ፦ እርሾው በሆድ ውስጥ መሥራቱን ስለሚቀጥል ሆድን ይነፋል፤ አልኮልም ይፈጥራል። ቡኮ ሲቦካ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይከደናል።

የጠላና የአረቄ አተላ፦ ለከብት መኖ ቢሆንም በውስጡ የቀረው አልኮል ውሻንና ድመትን ይመርዛል።

የቡና አተላና ቸኮሌት፦ በውስጣቸው ያሉት ካፌይንና ቴዎብሮሚን የልብ ምትን ያፋጥናሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ። መጠኑ ሲበዛ ይገድላሉ።

ወይንና ዘቢብ፦ በአንዳንድ ውሾች ላይ በትንሽ መጠንም ቢሆን የኩላሊት መድከም ያስከትላሉ።

ስኳር የለሽ ማስቲካና ከረሜላ፦ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ካለበት የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል።

የሻገተ እንጀራ፣ ዳቦ፣ በቆሎና ለውዝ፦ የሻጋታ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። «ለሰው ካልሆነ ለውሻ ይሁን» የሚለው አሠራር እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

የበሰለ አጥንት፦ የዶሮና የበግ አጥንት ሲቀቀል ወይም ሲጠበስ ይደርቅና ሲቆረጠም እንደ ስለት ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮንና አንጀትንም ሊበሳ ይችላል።

ላትና ጮማ፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ስብ መብላት የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ሕመም ያመጣል፤ በበዓል ማግሥት ውሻ አብዝቶ ሲያስታውክ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የበዓል እርድና ጥሬ ሆድ ዕቃ

በፋሲካ፣ በገና፣ በጥምቀትና በመስቀል በየግቢው በግ፣ ፍየል ወይም በሬ ይታረዳል። ሰው የማይበላው ሳንባ፣ ውኃ የቋጠረ ጉበትና የበግ ጭንቅላት ለውሻ ይወረወራል። ከውሻ አመጋገብ ልማዶች ሁሉ ለሰውና ለከብት ጤና እጅግ አደገኛው ይህ ነው።

በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ ኢኪኖኮከስ የተባለ የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ነው። ውሻ ከረጢቱን ጥሬውን ሲበላ እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ በ6 ሳምንት ገደማ ወደ አዋቂ ትልነት ይለወጣሉ። ትሉ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በዓይን በቀላሉ አይለይም፤ ውሻውም ብዙ ጊዜ የታመመ አይመስልም። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ በሣር፣ በውኃ፣ በጓሮ አትክልትና በውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በግ ሣሩን ሲግጥ፣ ሰው ደግሞ ባልታጠበ እጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ሲውጠው ዑደቱ ይቀጥላል። በሰው ላይ ከረጢቱ በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሕክምናው አልቤንዳዞል በተባለ መድኃኒት ወይም በቀዶ ጥገና ነው። ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

የደጋ በግ አርቢዎች የሚያውቁት «አዙሪት» የሚባለው የበግ በሽታም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በአንጎሉ ውስጥ ከረጢት ያደገበት በግ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ወገን ይዞራል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። የዚህን በግ ጭንቅላት ሰብሮ ጥሬውን ለውሻ መስጠት ትሉን ወደ ውሻው ማሸጋገር ነው፤ ውሻውም በግጦሹ ላይ እንቁላሉን እየዘራ ሌሎቹን በጎች ያሲዛል። አርቢው ለጠባቂ ውሻው የሰጠው ስጦታ በሚቀጥለው ዓመት በራሱ መንጋ ላይ ይመለሳል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት ያለበት ሆድ ዕቃና የታመመ በግ ጭንቅላት ይቃጠላል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን ሳይቀቀል አይሰጥም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም መጠን ተለክቶ ለውሻው ሲሰጥ በአንጀቱ ያለውን ትል ይገድላል።

ለድመትም ጥሬ ሥጋ አይመከርም። ጥሬ ሥጋና አይጥ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ልታስተላልፍ ትችላለች። በመሆኑም ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዓይነ ምድር ባታጸዳ ይመረጣል።

የመቀቀያ ጊዜና የቦታ ከፍታ

በጉበትና በሳንባ ውስጥ ያለውን የኢኪኖኮከስ እጭ ለመግደል ውኃው ከፈላ በኋላ ለ30 ደቂቃ መቀቀል በቂ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደባርቅ ደግሞ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በደጋው ሥጋውን በእጅ መዳፍ መጠን ወይም ከዚያ ባነሰ ቆርጦ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ማፍላት ጥንቃቄ ነው። ትልቅ ሳንባ ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ድስቱ ይከደናል፤ ሥጋውም በየጊዜው ይገለበጣል።

አዘገጃጀት

የገብስ ብስኩት (ለውሻ)፦ 250 ግራም የገብስ ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ወይም ድንችና ጥቂት ውኃ ይቀላቀላሉ። ጨው፣ ቅመምና እርሾ አይገባም። ሊጡ ጠንከር ብሎ ይታሸና የጣት ውፍረት ግማሽ ያህል እስኪሆን ይዳመጣል፤ በቢላዋም ወደ 60 ትንንሽ ቁራጭ ይከፈላል። በምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት አክንባሎ ተደፍቶበት ሁለቱም ወገን እስኪበስል ይጋገራል። ከዚያ እሳቱ ሲወርድ በሞቀው ምጣድ ላይ ተትቶ ወይም እንደ ድርቆሽ በፀሐይ ተሰጥቶ እስኪሰበር ድረስ ይደርቃል። አንዱ ቁራጭ ወደ 16 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል።

የደረቀ ጉበት (ለውሻና ለድመት)፦ ከረጢት የሌለበት ጉበት ከላይ በተገለጸው ጊዜ ይቀቀላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥፍር መጠን ይቆረጥና በምጣድ ላይ በቀላል እሳት ይደርቃል። ሽታው ስለሚማርክ ውሻን ለማሠልጠን ይመረጣል። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ለድመት በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ፣ በትንሽ በትንሹ ካልሆነ አይሰጥም።

የዓሣ ቁራሽ (ለድመት)፦ ከጣና የሚመጣው ቆሮሶ ለድመት ምቹ ነው። በጥቂት ውኃ ያለ ጨው ይቀቀላል፤ ሥጋው ከአጥንቱ በጥንቃቄ ይለቀማል፤ እንዳለ ወይም በምጣድ ላይ በጥቂቱ ደርቆ ይሰጣል። አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ስላለበት ማብሰሉ አስፈላጊ ነው። የፋይዳው መጠን እንዳይቀንስ የተቀቀለበትን ውኃ ከምግቡ ጋር መስጠት ጥሩ ነው፤ ታውሪን ወደ ውኃው ይወጣልና።

የዓይብ እንክብል (ለውሻ)፦ ጨውና ጤና አዳም ያልገባበት ዓይብ ከተቆላ የገብስ ዱቄት (በሶ) ጋር እኩል ይታሽና በባቄላ ፍሬ መጠን ይድበለበላል። ሳይደርቅ በዚያው ቀን መሰጠት አለበት። መድኃኒት የሚውጥ ውሻ ኪኒኑ በዚህ ውስጥ ተደብቆ ይሰጠዋል።

መጠን

ማባበያ ከቀን ቀለብ ከ10 ከመቶ መብለጥ የለበትም። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ሲያስፈልገው፣ 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት ከ200 እስከ 250 ያስፈልጋታል። ስለዚህ ከላይ ከተገለጸው የገብስ ብስኩት ለእንዲህ ያለ ውሻ በቀን 3 ወይም 4 ቁራጭ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ከበግ ጋር የሚወጣ ውሻ በግቢ ታስሮ ከሚውለው የበለጠ ምግብ ይፈልጋል። የጎን አጥንቱ ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ውሻ በተስማሚ ክብደት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በጾም ወቅት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በሆኑ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም 55 ቀን በሚፈጀው ዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ አይበላም። ጾሙ የሰው ቢሆንም የቤቱ ድስት ስለሚጾም እንስሳቱም አብረው ይጾማሉ። በጾም ማብቂያ ቀን ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥጋና ስብ ያገኛሉ።

ውሻ በዚህ ወቅት ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር በደንብ የተቀቀለ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ፣ ዱባ፣ ካሮትና የተቆላ የተልባ ዱቄት ቢሰጠው ይበረታል፤ የሚለየው ከወጥ በፊት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ሳይገባበት ነው። ለድመት ግን ይህ አይተካላትም። ከጾሙ በፊት ያለ ጨውና ያለ በርበሬ በቀጭኑ ተቀቅሎ የደረቀ ሥጋ ወይም ዓሣ ማስቀመጥ፣ የእንስሳቱንም ድስት ከቤቱ ዕቃ መለየት ለቤተሰቡም ለድመቷም ይመቻል።

አቀማመጥና ንጽሕና

በደንብ የደረቀ ብስኩት ውኃ በማይገባበት ዕቃ ተከድኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይቆያል። በክረምት እርጥበት ስለሚበዛ በትንሽ በትንሹ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የሻገተ ነጠብጣብ ከታየ ሁሉም ይጣላል። የተቀቀለ ሥጋና ዓሣ ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና መክተፊያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ውሻን ካበሉና ከነኩ በኋላ እጅን መታጠብ ለልጆች መልመድ ያለበት ልማድ ነው።

ማባበያና የእብድ ውሻ በሽታ

በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው መከላከያ ውሻን ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ማስከተብና በየዓመቱ መድገም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ አለው።

ገመድ ያልለመደ የግቢ ውሻ በክትባት ቀን ለመያዝ ያስቸግራል፤ ባለቤቱንም ሊነክስ ይችላል። ማባበያ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከክትባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ጀምሮ ውሻው ገመድ በአንገቱ ሲታሰር፣ አፉና ጀርባው ሲነካ ወዲያው አንድ ቁራጭ ይሰጠዋል። እንዲህ የለመደ ውሻ ያለ ዱላና ያለ ግርግር ይከተባል።

የምግብ ፍላጎት ለውጥም ምልክት ነው። ምግብ የሚሸሽ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ብዙ ጊዜ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ይባላል። እጅን ወደ አፉ ማስገባት ግን አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሻ ለብቻው ተዘግቶ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። የተነከሰ ወይም ለሃጭ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የሰሜን ተራሮችና ቀይ ቀበሮ

እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። የእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ካኒስ ሲሜንሲስ የተወሰደውም ከዚሁ አካባቢ ስም ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ በሰሜን ተራሮች ያሉት ከ100 አይበልጡም። ከእረኛ ጋር ወደ ውርጩ የሚወጣ ወይም ከቤት በቂ ምግብ አጥቶ ጥንብ ፍለጋ የሚዞር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስቴምፐር የተባለውን የውሻ ደዌ ወደ ቀበሮዎቹ ያደርሳል። በባሌ ተራሮች እነዚህ በሽታዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ገድለዋል።

በዚያው በባሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የቀይ ቀበሮዎችን በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል፤ ክትባቱ ተደብቆ የሚሰጠውም በፍየል ሥጋ ማባበያ ውስጥ ነው። ለቤት ውሻ ግን ዘዴው ቀላል ነው፤ በየቤቱ የተከተበ፣ የበሰለ ምግብ በገንዳው የሚያገኝና ከመንጋው ርቆ የማይዞር ውሻ በጉን፣ ቤተሰቡንና ቀበሮውን በአንድነት ይጠብቃል።